ከደመወዝ የተቆረጠ የጡረታ መዋጮ ገቢ ሳይሆን ቢቀር የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት (ጅማ፣ ሂርማታ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጽሑፌ ረዘም ይላልና በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ባለቤቴ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ ታሞ በ43 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ዘመኑ የሠራው በሁለት ቦታ ነው። ከ1998 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ለአምስት ዓመታት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በንብረት ክፍል ሠርቷል፤ ከ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ እስኪታመም ድረስ ደግሞ እዚሁ ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ቡና ማበጠሪያ የመጋዘን ረዳት፣ በኋላም የመጋዘን ኃላፊ ነበር። በየወሩ ደመወዙን ሲቀበል የሚሰጡትን የክፍያ ወረቀት የመጣል ልማድ ስላልነበረው፣ ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ለምሳሌ የ2010 ዓ.ም. የየካቲት ወሩን ሳወጣው ደመወዝ 6,000 ብር፣ ጡረታ 420 ብር ተብሎ በግልጽ ተጽፎበታል።

የልጆቼን መብት ለማስከበር ወደ ጡረታ ቢሮ ሄጄ ስሙንና የጡረታ መለያ ቁጥሩን ሰጠሁ። ያስተናገደችኝ ልጅ በትሕትና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ከ2004 እስከ 2008 መዋጮው ገብቷል፤ ከ2013 እስከ 2016ም ገብቷል፤ ከመስከረም 2009 እስከ 2012 መጨረሻ ያሉት አራት ዓመታት ግን ባዶ ናቸው። ድርጅቱን ብጠይቅ፣ የዚያን ጊዜው ሒሳብ ሹም ሥራ ለቅቋል፣ ዶሴውም አልተገኘም አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ጉዳዩ የጡረታ ቢሮ እንጂ የእኛ አይደለም በማለት መለሱኝ።

እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት የሚባለው አካል ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ ነው። የገባለትን ገንዘብ ብቻ እየቆጠረ የሚያስቀምጥ ነው ወይስ ያልገባውንም ተከታትሎ የማስገባት ግዴታ አለበት? ገንዘቡ ከባለቤቴ ደመወዝ ላይ በእርግጥ ከተቆረጠ፣ አሠሪውን የማሳደድ ዕዳ በእኔ ላይ የሚወድቀው ለምንድን ነው? የአራቱ ዓመታት ጉዳይ እስኪጣራስ ማመልከቻዬን ማቆየት አለብኝ?


መልስ፦ የቀድሞ ሒሳብ ሠራተኛ (አጂፕ አካባቢ)

አላህ ይዘንለት፤ ለእርስዎና ለልጆቹ ጽናቱን ይስጣችሁ። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመታት በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ ስለቆየሁ ነገሩን የማውቀው ከቆራጩ ወገን ሆኜ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ አስቸኳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ማመልከቻዎን አያቆዩ። የይርጋ ጊዜ የሚባል፣ ካለፈ መብትን መጠየቅ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ አለ፤ ከዚያም በላይ ማመልከቻው ገብቶ መዝገብ ካልተከፈተ፣ ስለ ጎደሉት ዓመታት የሚያነሡት ክርክር የሚንጠለጠልበት ነገር አይኖረውም። የተሟላው ይዘው ይግቡ፤ የጎደለው በኋላ ይጨመራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ በግል ድርጅት ውስጥ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ በድምሩ 18 በመቶ ይሆናል። ይህን ገንዘብ የደመወዙ ወር ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ገቢ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ከገንዘቡ ጋር የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አብሮ መግባት ያለበት መሆኑን ነው። ገንዘቡ ገብቶ ዝርዝሩ ካልተያያዘ፣ ወይም በመለያ ቁጥሩ ላይ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ፣ ብሩ በድርጅቱ ስም ተቀምጦ ሳለ የሠራተኛው መዝገብ ባዶ ሆኖ ይታያል። እኔ ራሴ የደረሰብኝን ልንገርዎት። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሦስት የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩን፤ የአንድ ዓመት ሙሉ የሦስቱም መዋጮ በአንደኛው ስም ገብቶ ሁለቱ እንዳልተከፈለላቸው ሆነው ተገኙ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ የታረመውም የክፍያ ወረቀቶቹንና የባንክ ገቢ ደረሰኞቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን ወር በወር ካመሳከርን በኋላ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ገንዘቡ ጭራሽ አልገባም ወይስ ገብቶ ስሙ ጠፋ የሚለው ነው። ለዚህም መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ፣ «ድርጅቱ ከመስከረም 2009 እስከ 2012 መጨረሻ ለሌሎች ሠራተኞች መዋጮ ገቢ አድርጓል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ለሌሎቹ ከፍሎ ከሆነ ችግሩ የዝርዝር ነው፤ ቀላል ነው። ለማንም ካልከፈለ ግን ችግሩ የዕዳ ነው፤ በዚህ ጊዜ ባለጉዳዩ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ያኔ አብረውት የሠሩት ሁሉ ናቸው። እነሱን ቢያገኟቸው ጥሩ ነው፤ አብዛኞቹ መዋጮአቸው እንዳልገባ እስከ ዛሬ ላያውቁ ይችላሉ።

ያልገባውን የመከታተል ግዴታ አለበት ወይ ላሉት፣ አዎ፣ አለበት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር (ቀድሞ ኤጀንሲ ይባል የነበረው ነው) ሥልጣኑ ገንዘብ መቀበል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንክ በበቃ ነበር። ድርጅቶችንና ሠራተኞችን ይመዘግባል፤ መዋጮው በወቅቱ ገቢ መደረጉን ይቆጣጠራል፤ የድርጅቱን የደመወዝ ሰነድ ያስመረምራል፤ በዘገየው ላይ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ እምቢ ያለውን አሠሪ ገንዘብ ከባንክ ሒሳቡ ተቀንሶ ገቢ እንዲሆን የማድረግ ሥልጣንም በሕግ ተሰጥቶታል። ድርጅቱ «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ማለቱ ስለዚህ አያስኬደውም። ከሠራተኛው ባይቆርጥ እንኳ ከኪሱ መክፈል ያለበት ራሱ ነው፤ እዚህ ደግሞ መቁረጡ በቆርቆሮው ውስጥ ባለው ወረቀት ተረጋግጧል።

ደመወዙ በአራቱ ዓመታት ውስጥ 6,000 ብር ሆኖ ቆይቷል ብለን ብናሰላ በየወሩ ከእሱ 420፣ ከአሠሪው 660፣ በድምሩ 1,080 ብር መግባት ነበረበት። በ48 ወራት ሲባዛ ተጨማሪው ሳይታሰብ 51,840 ብር ይሆናል። ለአንድ ቡና ማበጠሪያ ይህ ምንም አይደለም። የሚያስፈራቸው ለእርስዎ መክፈሉ ሳይሆን ለእርስዎ ሲከፍሉ የሌሎቹም ይነሣል የሚለው ሳይሆን አይቀርም።

የክፍያ ወረቀቶቹን ዋናውን ለማንም አይስጡ፤ ኮፒ ያስገቡ፤ ዋናውን አሳይተው ይመልሱ።


መልስ፦ ባለ ባጃጁ (ኮቺ)

ሐዘንሽን እጋራለሁ እህቴ። ነገር ግን ከላይ የተጻፈው ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው ባይ ነኝ። የጡረታ ገንዘብ ለዓመታት ለመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ መግዣ ሲውል እንደኖረ የታወቀ ነው። መንግሥት ከሠራተኛው በመዋጮ ይሰበስባል፤ መልሶ ራሱ በአነስተኛ ወለድ ይበደረዋል፤ ሠራተኛው በ60 ዓመቱ ሲደርስ የሚሰጡት ብር የአንድ ሳምንት አስቤዛ አይገዛም። እኔ ከአንድ ድርጅት ስለቅቅ የተቆረጠብኝን ስጡኝ ብል 60 ዓመት ሲሞላህ ና ተባልኩ። በፈቃዴ የማስቀምጠው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሁለተኛ ባጃጅ ገዝቼበት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለእኔ የሚሠራልኝ ምንድን ነው?


መልስ፦ ጡረተኛ መምህር (ፈረንጅ አራዳ)

ለጠያቂዋ ልጄ አስቀድሜ መጽናናትን እመኛለሁ። የምጽፈው ባለ ባጃጁ ላነሣው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እሱ የተናገረውን በየሠፈሩ የምሰማው ከመሆኑም በላይ ግማሹ እውነት ነው።

እኔ ለሠላሳ አራት ዓመታት አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ፣ ላለፉት ዓመታትም የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ በእድርና በእቁብ መካከል ያለውን ልዩነት አውቃለሁ ብል ትዕቢት አይሆንብኝም። እቁብ የጣለ ሰው ተራው ሲደርስ የጣለውን ያህል ያገኛል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። እድር ግን እንደዚያ አይደለም። ባለፈው ዓመት የገባ አባል ዘንድሮ ቢሞትበት፣ ሃያ ዓመት ከከፈለው ጋር እኩል ድንኳን ይተከልለታል፤ ሃያ ዓመት ከፍሎ ሐዘን ያልደረሰበት ሰው ደግሞ ገንዘቤን መልሱልኝ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ተመስገን ይላል። የጡረታ ዐቅድ በጠባዩ እድር ነው። ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባለው ግን ወደ እቁቡ ያደላል፤ የራስህንና አሠሪህ የጨመረልህን ይዘህ ትወጣለህ፤ ካለቀ አለቀ። ወንድማችን ያዘነው ከእድሩ የእቁብ ዕጣ ስለጠበቀ ይመስለኛል።

የጠያቂዋን ጉዳይ ያዩ እንደሆነ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ባለቤቷ 60 ዓመት አልሞላውም፤ 43 ነበር። ያዋጣው ገንዘብ ተቆጥሮ ቢመለስላት ለልጆቹ ስንት ዓመት ይበቃ ነበር? ይህ ገንዘብ ግን ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ልጆቹ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ፣ ለእሷም መብቷ እስካለ ድረስ በየወሩ የሚከፈል ነው። ባለ ባጃጁ 60 ዓመት እስኪሞላው የሚጠብቀው የእሱ ሰባት በመቶ፣ ዛሬ ሂርማታ ላሉት ሁለት ልጆች ይከፈላል። ነገ እሱ በሥራ ላይ እያለ እጁን ማሽን ቢቆርጠው ደግሞ ሌላው ለእሱ ይከፍላል።

ይህ አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የእኔም አባት በዚያው ሕግ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን በሕግ የተደገፈ ጡረታ ያገኘው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። እስከዚያ ድረስ እዚህ ጅማ ውስጥ ዕድሜ ልኩን በቡና መጋዘን የሠራ ሰው ወገቡ ሲጎብጥ የሚመለሰው ወደ ልጆቹ ነበር፤ ልጅ ከሌለው ወደ መስጊድና ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። የመንግሥት ሠራተኛውም የግል ድርጅት ሠራተኛውም የጡረታ ሕግ በ2014 ዓ.ም. በወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ታድሷል።

አሁን ወደ እውነተኛው ግማሽ ልምጣ። ገንዘቡ በአብዛኛው በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተቀምጦ መኖሩ ትክክል ነው፤ ወለዱ ከኑሮ ውድነቱ ሲያንስ ደግሞ ፈንዱ በየዓመቱ ይሟሽሻል ማለት ነው። አዲሶቹ ሕጎች በሌሎች አዋጭ ሥራዎችም ኢንቨስት እንዲደረግ በር ከፍተዋል፤ በዚህ በኩል መሥሪያ ቤቱ ምን እያደረገ ነው ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ መዋጮ ከፋይ መብት ነው። ስለ አበሉ ማነስም አልከራከርህም። እኔ ጡረታ ስወጣ በአበሌ ጤፍ፣ ስኳርና መብራት ከፍዬ ለልጅ ልጄ ደብተር እገዛ ነበር፤ ዛሬ ደብተሩ ቀርቷል። ይሁን እንጂ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሣጥኑን በደንብ አልጠበቀም ተብሎ እድሩ አይፈርስም፤ ገንዘብ ያዡ ስብሰባ ላይ ይጠየቃል እንጂ። የእኛ ችግር ደግሞ ስብሰባው አለመኖሩ ነው። በሕጉ መሠረት መሥሪያ ቤቱን በበላይነት የሚመራ ቦርድ አለ፤ ከአባላቱ መካከል ሠራተኛውን ወክለው የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?


ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ማመልከቻዬም ተመዝግቧል።

የቀሩኝ ነገሮች ግን አሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራባቸው አምስት ዓመታት ይቆጠራሉ ወይስ ሥራ ሲለቅ አብረው ቀርተዋል? ያኔ ሲለቅ ምንም ገንዘብ አልተሰጠውም፤ የመልቀቂያ ደብዳቤው በእጄ አለ። ሁለተኛ፣ ጋብቻችን የተፈጸመው በኒካህ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት የወሰድነው ወረቀት የለም። ሦስተኛ፣ አማቴ (የባለቤቴ እናት) ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ የሚረዳቸውም እሱ ብቻ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ግን ጡረታውም ውርስ ስለሆነ ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር መከፋፈል አለበት ይላል። የምጣላው ሰው አልፈልግም፤ ሕጉ የሚለውን ባውቅ ግን በሽማግሌ ፊትም ለመናገር ይቀለኛል።


መልስ፦ የሕግ ባለሙያ (ጅማ)

የጠየቁትን አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን የአማችዎን ወንድ ልጅ ጉዳይ ላንሣ፣ ምክንያቱም ቤተሰብ የሚያፈርሰው ይኸኛው ነው።

የጡረታ አበል ውርስ አይደለም። ቤት፣ ገንዘብ፣ ተሽከርካሪ በወራሽነት ይከፋፈላል፤ አበል ግን ሕጉ ራሱ «ተተኪዎች» ብሎ ለጠራቸው ሰዎች ብቻ የሚከፈል የግል መብታቸው ነው። በውርስ አይተላለፍም፤ በስጦታም አይሰጥም፤ ሟቹ የነበረበት የግል ዕዳ እንኳ ከዚህ ላይ አይያዝም። ተተኪዎች የሚባሉት ሚስት ወይም ባል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሟቹ ይረዱ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ወንድም የለበትም። እህትም የለችበትም። ይህን በሽማግሌ ፊት ሲናገሩ አንቀጽ መጥቀስ አያስፈልግዎትም፤ አማችዎ ድርሻ እንዳላቸው አስቀድመው ቢገልጹ ብቻ ወንድምየው የሚከራከርበት ምክንያት ያጣል።

ስለ አምስቱ ዓመታት፣ አይቀሩም። አንድ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በግል ድርጅትም ሠርቶ ከሆነ፣ በመካከሉ ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ) ወይም የመዋጮ ተመላሽ ካልወሰደ በስተቀር ሁለቱ አገልግሎቶች ይደመራሉ። የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሌላው የግል ድርጅት ሠራተኞች፤ በመካከላቸው ያለውን ሒሳብ የሚያስተላልፉት እነሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። የእርስዎ ድርሻ የመልቀቂያውን ደብዳቤና የቅጥሩን ማስረጃ ማቅረብ ነው። ይህ ነጥብ በእርስዎ ጉዳይ ላይ ከአራቱ የጎደሉ ዓመታት ይበልጥ ከባድ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

የዘለቄታ አበል፣ ማለትም በየወሩ የሚከፈለው፣ ለተተኪዎች የሚገኘው፣ ሞቱ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ካልሆነ በስተቀር፣ ሟቹ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሲሆን ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ይሆናል። ባለቤትዎ በግል ድርጅቱ የተከፈለባቸው ዓመታት ዘጠኝ ናቸው፤ በእነሱ ብቻ ቢታይ ለጥቂት ይቀሩ ነበር። አምስቱ ሲደመሩ ግን 14 ዓመት ይሆናል። እንግዲህ አራቱ ዓመታት ተከፈሉም አልተከፈሉም የወር አበል የማግኘት መብትዎ ቆሟል፤ ክርክሩ በመጠኑ ላይ ነው።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ነበር ብንል፣ ለ14 ዓመት 35 በመቶ፣ ማለትም 2,800 ብር ይሆናል። አራቱ ዓመታት ቢገቡ 18 ዓመት ሆኖ 40 በመቶ፣ ማለትም 3,200 ብር ይደርሳል። ከዚህ ላይ ሚስት 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ወላጅ እናት 15 በመቶ ያገኛሉ። ሲደመር 105 በመቶ ይመጣል፤ ሕጉ ደግሞ የተተኪዎች ድምር ከሟቹ አበል እንዲበልጥ ስለማይፈቅድ፣ ከሁሉም ላይ በየድርሻቸው ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል። ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ አለዚያ የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ሠራተኛው የተሳሳተ ይመስልዎታል።

በኒካህ የተፈጸመ ጋብቻ በቤተሰብ ሕጋችን የታወቀ ነው። የኒካህ ወረቀቱ ካለ እሱን ይዘው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ከሌለ ኒካሁን ያሠሩትንና ምስክር የነበሩትን ይዘው ከፍርድ ቤት የሚስትነት ማረጋገጫ ያውጡ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የሞት ምስክር ወረቀቱንም አብረው ያሟሉ። በምስክር ወረቀቶቹ ላይ የባለቤትዎ ስም ከጡረታ መዝገቡ ጋር በፊደል ጭምር እንዲመሳሰል ይጠንቀቁ። በእኛ ከተማ አንድ ስም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ አንዳንዴ ሁለት ሰው ይሆናል፤ በዚህ ብቻ ለወራት የተንከራተቱ ባለጉዳዮች አጋጥመውኛል።

የጎደሉትን ዓመታት በሚመለከት ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በተግባር አገልግሎት የሚቆጠረው መዋጮ ሲከፈልበት ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ አሠሪውን የመከታተል ሥልጣን ቢኖረውም፣ ያልተከፈለ መሆኑን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ድርጅቶች ባሉበት አገር ይህ ያሳዝናል እንጂ አያስገርምም። የሚሰጥዎትን ውሳኔ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ አራቱ ዓመታት ካልተያዙ ውሳኔው ላይ ምክንያቱ ይጻፍ። ካልተስማሙበት ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ መሄድ ይችላሉ፤ የይግባኙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ውሳኔውን የተቀበሉበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ።


መልስ፦ ለቃሚዋ (መርካቶ፣ ጅማ)

ይቅርታ፣ በሰው ሐዘን መካከል የራሴን ጥያቄ ማስገባቴ ነው። እኔ ቡና በምንለቅምበት መጋዘን ከመቶ የማናንስ ሴቶች አለን። የሚከፈለን በኬሻ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እንሠራለን፤ ክረምቱን እንበተናለን። እኛን የሚመለከተን ነገር አለ?


መልስ፦ የሕግ ባለሙያ (ጅማ)

ጥያቄዎ ቦታው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ የሚሸፍነው ቋሚውን ብቻ አይደለም፤ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ በደመወዝ የተቀጠረንም ይጨምራል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በአንድ መጋዘን የሠራ ሰው ከ45 ቀን በላይ ሠርቷል። አሠሪዎች በየጊዜው የሚያነሡት መከራከሪያ ግን ሥራው በቁጥር የሚከፈል እንጂ ቅጥር አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ ለእናንተ ዋናው ነገር መቀጠራችሁን የሚያሳይ ነገር መኖሩ ነው፤ የሰዓት መቆጣጠሪያም ይሁን በየኬሻው የምትፈርሙበት መዝገብ ይሁን፣ ሞባይል ካላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት። ከዚህ ውጪ ባለ መደበኛ ያልሆነ ሥራ ላይ ያለ ሰው በፈቃዱ እንዲሸፈን ሕጉ መንገድ አስቀምጧል። ሆኖም ከእናንተ መካከል በወር መዋጮ ለመክፈል የሚተርፋት ስንት ናት የሚለውን እኔ ልመልሰው የምችለው አይደለም።


መልስ፦ ጡረተኛ መምህር (ፈረንጅ አራዳ)

ለለቃሚዋ እህቴና ለጠያቂዋም የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። የጡረታው ጉዳይ እስኪያልቅ ልጆቹ መታመማቸው አይቀርም። በመደበኛ ደመወዝ ላይ ለሌለ ቤተሰብ የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህን የሚያስተዳድረው የጡረታው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሌላ ነው። መርሐ ግብሩ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ጎረቤት ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ስለዚህ አሠራሩን የሚያውቅ ዘመድ አታጡም። ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መዋጮውም በቤተሰብ ስለሆነ፣ ወቅቱ እንዳያልፋችሁ በቀበሌያችሁ ጠይቁ።


ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በጽሑፍ የጠየቅኩት መልስ መጥቶልኛል። ድርጅቱ በአራቱ ዓመታት ውስጥ ለሠላሳ አንድ ሠራተኞች መዋጮ አስገብቷል፤ የባለቤቴ ስም ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ሳይ መጀመሪያ ሆን ብለው ያደረጉት መስሎኝ በጣም ተናደድኩ። የሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ እንደመከረኝ ቆርቆሮውን ይዤ ሄጄ ወረቀቶቹን በየወሩ ደረደርን። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከመጋዘን ረዳትነት ወደ መጋዘን ኃላፊነት ሲያድግ አዲስ የሠራተኛ ቁጥር ተሰጥቶት ነበር፤ በደመወዙ መዝገብ ላይ አዲሱ ቁጥር ተጽፏል፤ በጡረታው ዝርዝር ላይ ግን አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ሳይገባ ቀርቷል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ ሒሳብ ሹም ሲቀጠር ነው መልሶ የገባው። ስለዚህ የእሱ መዋጮ ጭራሽ ገቢ አልሆነም ማለት ነው፤ ከደመወዙ ግን እስከ መጨረሻው ተቆርጧል።

የማኅበራዊ ዋስትና ተቆጣጣሪዎች የደመወዙን ሰነድ ለማየት ቀን ቆርጠዋል። ድርጅቱም አሁን እንከፍላለን ብሏል፤ በጽሑፍ ግን ገና አልሰጠኝም።

ወንድምየውም ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤት መጥቶ እናቱን ይዞ ወደ ፎቶ ቤት ሄደ። ለማመልከቻው ጉርድ ፎቶግራፋቸው ያስፈልግ ነበርና።